ጨው ያስገባ ይውጣ

«ዛሬ ከነቆዳው አውጥቼ እጥለዋለሁ። እምቢ ካለም አጥንቱን ሰብሬ!»

ይህን የሚለው ትንሹ ልጄ ዘካሪያስ ነው። ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ በስልክ ያወራል፤ እኔ ከላይ በሩ ጋ መጥረጊያ ይዤ ቆሜአለሁ። እጥለዋለሁ የሚለው ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፤ ታላቅ ወንድሙን ፍቅሩን ነው። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላወቅኩም፣ ሚስቱ ትሆናለች፤ ሌላ እንዲህ ታግሶ የሚሰማው ሰው የለውም። «ወረቀቱ ዛሬ ይወጣል» አለ። «ቤቱን በጨው የበላው እሱ መሆኑን መሣሪያው ራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ እማዬም ብትሆን አፏን ትይዛለች።» እማዬ እንግዲህ እኔ አስካለማርያም ነኝ። አፌን የምይዝ! ይሄን አፍ ባሌ ገብረጻድቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጥፊም በቀበቶም ሊያስይዘኝ ዕድሜ ልኩን ታግሎ አልሆነለትም። መጥረጊያውን ወርውሬ ማጅራቱን ልለው ቃጥቶኝ ነበር። ተውኩት። ለምን ብትሉ፣ የዚያን ቀን ጠዋት እኔም ከእሱ ጋር ነበርኩ። ፍቅሩ ይውጣ ባይ ነበርኩ።

ቤታችን አቃቂ በሰቃ ያለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ከላይ እኔና ተከራይዬ ሰኪና፣ ከታች የፍቅሩ መጋዘንና ከጀርባ የሚያድርባት ክፍል። ስምንት የአርማታ ምሰሶ ከታች ተነሥቶ እስከ ላይ ይዞታል። ፍቅሩ ጥሬ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ ቆዳ በጨው እያሸ ከምሯል። ጥር ላይ ከመጋዘኑ ጣሪያ የሰው ራስ የሚያህል አርማታ ተገንጥሎ ወደቀና የሰኪናን ልጅ የሐናንን ትከሻ ሰበረ። ሰባት ዓመቷ ነው። ኳሷን ልታነሣ ነበር የገባችው። ቀና ብዬ ሳይ የወደቀበት ቦታ ፌሮው እንደ ተገፈፈ በግ ጎድን ተገልጦ፣ ዝጎ፣ አብጦ፣ ቅርፊት እያራገፈ ነው። ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ ሆና ጩኸቷ ጆሮዬን እየበሳው፣ ሰፈሩ ሙሉ እያየ፣ ፍቅሩን በጥፊ አጮልኩት። ደገምኩት። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም፣ ዓይን ዓይኔን ብቻ አየኝ። ያ አስተያየቱ ከዚያ ወዲህ ሲያናድደኝ ከረመ። ጥፋተኛ ሰው መሬት መሬት ነው የሚያይ።

ዘካሪያስ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ ቢሮ ይገባል፣ የተማረ ሰው ያውቃል። አንድ መሐንዲስ ይዞ መጣ። መሐንዲሱ ምሰሶዎቹን በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ዞራቸውና «ጨው ገብቶባቸዋል» አለ። ጨው ፌሮውን ያዝገዋል፣ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ፈንክቶ ይወጣል። ላዩን ልስን ብትለጥፉበት ቁስል ላይ ሻሽ ማሰር ነው፣ ጨዉ መውጣት አለበት አለን። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ታጁ ባሉበት ተቀመጥን። ፍቅሩ ቆዳውን አንሥቶ ጋሽ ታጁ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ክፍል እንዲከራይ፣ ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው መርምሮ ጨዉ የቆዳው መሆኑን ካረጋገጠ ግን ላይመለስ እንዲወጣ ተፈረደ። «ጨው ያስገባ ይውጣ» የሚለውን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ታጁ «እትዬ አስካለ፣ ልጅ ነው እኮ» ሲሉኝ «ሐናንስ የውሻ ልጅ ናት?» አልኳቸው። ፍቅሩ ያኔም ዓይን ዓይኔን አየኝና «እሺ» አለ። እሺ ብቻ።

ከዚያ ስምንቱ ምሰሶዎች ስድስት ሳምንት እንደ ሬሳ ተገንዘው ቆሙ። ሥራውን የያዘው ከሊል የሚባል ቀጫጫ የስልጤ ልጅ ነው። ምሰሶውን መጀመሪያ የሽቦ መረብ ያለብሰዋል፣ በላዩ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይጠመጥምበታል፣ ጨርቁን በኖራ ውሃ ያርሰዋል። ከዚያ አንዱን ገመድ ከሽቦው፣ ሌላውን ከውስጥ ካለው ፌሮ አገናኝቶ ይዞት ከመጣው ማሽን መብራት ይለቅበታል። «ሰው አይዝም እማማ፣ ትንሽ ነው» አለኝ። «ጨዉን ከብረቱ እየገፋ ወደ ጨርቁ ያወጣዋል። በየጊዜው ጨርቁን አጥበን እንመልሳለን።» እኔ ቆዳ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዳ በጨው ሳሽ፣ በጨው የመጣውን ስነክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨው እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ ከማሽን አልማርም። የደረቀውን ቆዳ ገንዳ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ጨዉን ውሃው ይጠጣል፣ ውሃውን ትደፋና እንደገና ትነክራለህ። «በመብራት እየነከርከው ነዋ» አልኩት። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «እማማ መሐንዲስ ነበር መሆን የነበረብዎ» አለኝ። «ሥራህን ሥራ፣ አፈ ቅቤ» አልኩት፤ ግን ያን ቀን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ያ ስድስት ሳምንት ነው እንግዲህ የዚያን ቀን ያለቀው። ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ዘካሪያስ ስልኩን ዘግቶ ጋሽ ታጁን ሊጠራ ወጣ፤ እኔ ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። ከሊል ቀድሞኝ ገብቶ ከመጀመሪያው ምሰሶ ጨርቁን እየፈታ ነው። ጨርቁ እንደ በግ ቆዳ እየተገፈፈ ወደቀ፤ ሽቦው ላይ ነጭ ነገር ግግር ብሎ ይዟል። በጣቴ ፋቅ አድርጌ ምላሴ ላይ ጣልኩት። ኖራው ምላሴን ቆነጠጠኝ፤ ከሥሩ ግን ጨው አለ። ጨው ነው። ሠላሳ ዓመት ከእጄ ያልወጣ ነገር ይሰወረኛል? «ይኸው ወጣልህ!» አልኩት ከሊልን። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ቀረብ አለኝ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ከላይ ፎቅ ቆዳ ገብቶ ያውቃል?»

«አልጋዬ ሥር ቆዳ እከምራለሁ እንዴ? ምን ሆነሃል?»

«ባለፈው ሳምንት ከመኝታ ቤትዎ ምሰሶ በድሪል ዱቄት ወስጄ ነበር። ንጹሑን ከታመመው ጋር ላስተያይ ብዬ ነው። ንጹሕ አልሆነም። ሳናክመው በፊት የታቹ ምሰሶ የነበረውን ያህል ጨው አለው።» ደረት ኪሱን ነካ አደረገ፤ ወረቀቱ እዚያ ነው። «ከቆዳው የገባ ቢሆን ከታች ብቻ ነው የሚገኘው፣ ያውም ላዩ ላይ። ይሄኛው እምብርቱ ድረስ እኩል ነው። ፍቅሩ የለበትም እማማ። አርማታው ሲቦካ ነው የገባው፤ ወይ በአሸዋው ወይ በውሃው። ቤቱ ሲሠራ እርስዎ ነበሩ አይደል? ውሃው ከየት ነበር የሚመጣው?»

ምላሴ ላይ ያለው ጨው እሬት ሆነ።

ቤቱ የተሠራው ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ምሰሶ ማቆም በጀመርንበት ወር የአቃቂ ቧንቧ ጭራሽ ደረቀ። ቦኖ ላይ ሰው በጀሪካን ተፈነካክቶ ነው የሚቀዳ፤ አንዷ ጎረቤቴ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ያኔ ያመጣችው ነው። ገብረጻድቅ ደግሞ አርማታ ውሃ ከጠማው ይሰነጠቃል የሚል ነገር ሰምቶ መጥቷል። ማታ ቀበቶውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጠቅልሎ አስቀመጠና «አንድ ቀን ውሃ ቢጓደል በደምሽ ነው የማጠጣው» አለኝ። የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነበር። ዘካሪያስን የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ የመጀመሪያው መንከሪያ ገንዳ ሲለቀቅ አየሁት፤ የቆዳው ጨው የሟሟበት ያ ሁሉ ውሃ ወደ ቦይ ይሄዳል። ዘበኛውን ለመንኩት፣ ፈቀደልኝ። እኔ ሁለት ጀሪካን፣ ፍቅሩ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እሱ አንድ ትንሽ ጀሪካን እየተሸከምን አመላለስነው። በርሜል ውስጥ አሳድረን እናጠለዋለን፤ ጠዋት ግንበኛው ሲሚንቶ ያቦካበታል፣ ማታ ደግሞ ምሰሶው የለበሰውን ጆንያ አርስበታለሁ። ግንበኛው «ውሃው ይሸታል» ቢለኝ «የአቃቂ ውሃ መቼ ሽቶ ሆኖ ያውቃል?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ጨው እንዳለበት አላወቅኩም አልልም። ቀምሼዋለሁ። ግን ቆዳን ከመበስበስ የሚያድን ጨው ቤትን ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ያጸናዋል ብዬ ኮራሁበት። ጎረቤቱ ሁሉ በውሃ እጦት ሥራ ሲያቆም የእኔ ቤት አንድ ቀን አልቆመም እያልኩ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት በየለቅሶ ቤቱ በየማኅበሩ ስፎክር ኖሬአለሁ።

«ከወንዝ ነው» አልኩት ከሊልን።

«ከወንዝ ብቻ እንኳ ይሄን ያህል…»

«ከወንዝ ነው አልኩህ! ያንን ወረቀት ከኪስህ እንዳታወጣ። ሰው ይሰብሰብ፣ ምሳ ይብላ፤ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እማማ፣ ዘካሪያስ ሦስቴ ደውሎልኛል።»

«የቤቱ ባለቤት ማነው? እሱ ነው እኔ?»

ወደ ጨርቁ ተመለሰ። እነግራቸዋለሁ ያልኩት እውነቴን ይሁን ውሸቴን ዛሬም ድረስ አላውቀው። የማውቀው ደረጃውን ወጥቼ፣ መኝታ ቤቴ ገብቼ ያንን ምሰሶ እንዳየሁት ነው። የገብረጻድቅ ፎቶ የተሰቀለው እዚያ ላይ ነው። ከሊል የሰረሰረው ቀዳዳ ከፎቶው በታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶውን ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩትና ቀዳዳውን ሸፈንኩት።

ጋሽ ታጁና ሰኪና ስላሉ ሥጋ አልሠራሁም፤ ሽሮና ጎመን ነው። ሐናን እጇ አሁንም በሻሽ አንገቷ ላይ ታስሮ ከእናቷ ጎን ተለጥፋለች። ፍቅሩ በመጨረሻ መጣ። የበዓል ቆዳ በአይሱዙ አስጭኖ በር ላይ አቁሞታል፤ ስድስት ሳምንቱ አልቋል፣ እመለሳለሁ ብሎ ነዋ። እጁን ታጥቦ ዘካሪያስ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጁ የአባቱ ሳይሆን የእኔ ነው፤ ጨው የሰነጣጠቀው፣ ጥፍሩ ዙሪያ ሥጋው ያለቀ። ዘካሪያስ ሰላም አላለውም። ጋሽ ታጁ ነገሩን ሊያለዝቡ ስለ ሲሚንቶ አወሩ፤ ኩንታሉ ሁለት ሺህ ሊገባ ምንም አልቀረው፣ ድሮ በዚህ ብር በሬ ይገዛ ነበር አሉ። ሰኪና ስለ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ አማረረች። ፍቅሩ የበግ ቆዳ ሃያ ብር የሚገዛው ጠፍቶ ሰው በየቦዩ እየጣለው ነው፣ ጨው ግን በየወሩ ይጨምራል አለ። «ጨው» ሲል ዘካሪያስ ጉርሻውን ሳይውጥ ቀና አለ። እኔ እነግራቸዋለሁ ያልኩት ሴትዮ ጎመን ጨምሩ፣ ወጥ ጨምሩ እያልኩ እዞራለሁ። እንዴት ብዬ ልናገረው? ሁሉ ሰው ፊት፣ በጥፊ የመታሁት ልጅ ፊት፣ «ጨው ያስገባ ይውጣ» ባልኩበት አፍ። ይልቅ ወረቀቱ ጠፋ ቢባልስ፣ ይቅርታ ተባብለው ቢመለስስ እያልኩ መንገድ እፈልጋለሁ።

ምሳው ሲያበቃ ሁላችንም መጋዘኑ ወረድን። ምሰሶዎቹ ጨርቃቸው ተገፍፎ ራቁታቸውን ቆመዋል፤ ሠራተኞቹ የፈረሰውን አርማታ የሚሰብሩበት አምስት ኪሎው መዶሻ አንዱ ሥር ተጋድሟል። ዘካሪያስ እጁን ኪሱ ከትቶ መሃል ላይ ቆመ። «በል አንብበው» አለው ከሊልን። ከሊል እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ውጤቱ… ገና ትንሽ ይቀረዋል» አለ ልጁ።

«ትናንት አልቋል ብለኸኝ አልነበር?»

«አዎ፣ ግን…»

ዘካሪያስ ልጁን አንገቱ ሥር ሸሚዙን አንቆ ከምሰሶው ጋር አጋጨው። «ስንት ሰጠህ? ይሄ የቆዳ ሌባ ስንት ሰጠህ?» በጥፊ አለው፣ መነጽሩ በረረ። ከሊል በደም ከንፈሩ «እማማ» አለኝ። እማማ ብቻ ነው ያለው፤ ቃሉን ጠብቆልኛል። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ያንኑ ግድግዳ አያለሁ።

«ልጁን ልቀቀው» አለ ፍቅሩ።

«ልቀቀው? አንተ ደግሞ አፍ አለህ? ይቺን ልጅ ሰብረህ፣ ቤቱን አበስብሰህ፣ እማዬን ጣሪያ ልትጥልባት?» ልጁን ወለሉ ላይ ጥሎ ዞረና ፍቅሩን በቦክስ አፉን አለው። ፍቅሩ አልተነቃነቀም። በሁለተኛው አፍንጫው ደማ። ሦስተኛው ሲመጣ እጁን ያዘውና ገፈተረው፤ ቆዳ ሲሸከም የኖረ ክንድ ነው፣ ዘካሪያስ ተርፎ የቀረ የጨው ማዳበሪያ ላይ በጀርባው ወደቀ፣ ጭንቅላቱ ግድግዳውን አለው። ሰኪና ሐናንን አቅፋ እየጮኸች ወደ ውጭ ሮጠች። ጋሽ ታጁ በከዘራቸው መሃል ሊገቡ ሲሉ ተገፍተው ተቀመጡ። ዘካሪያስ ሲነሣ መዶሻው እጁ ላይ ነው። ዓይኑን አየሁት፤ የገብረጻድቅ ዓይን ነው፣ ቀበቶውን ሲፈታ የማውቀው። ፍቅሩ ወደ ኋላ ሲል ምሰሶው ከለከለው፣ ግራ እጁን ከፊቱ አነሣ፤ መዶሻው እጁን ከምሰሶው ጋር አገኘው። የበግ ቅልጥም በመጥረቢያ ሲሰበር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ደሙ በነጩ አርማታ ላይ ተረጨ። ፍቅሩ አልጮኸም፣ በጉልበቱ ወረደ። ዘካሪያስ መዶሻውን እንደገና አነሣ፤ አሁን ወደ ጭንቅላቱ ነው።

«ውሃው የእኔ ነው!» አልኩ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም፣ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ጨዉን ያስገባሁት እኔ ነኝ! አባትህ በደምሽ አጠጣዋለሁ ሲለኝ የመንከሪያ ውሃ ከፋብሪካ ተሸክሜ አምጥቼ በእሱ አስቦካሁት! ከላይም ጨው ነው፣ ከታችም ጨው ነው! ምታ፣ እኔን ምታ!»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ከሊል ከወለሉ ላይ ተነሥቶ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣና ለዘካሪያስ ሳይሆን ለጋሽ ታጁ ሰጣቸው። ጋሽ ታጁ መነጽራቸውን ሳያደርጉ አዩት። መዶሻው ከዘካሪያስ እጅ ወርዶ ወለሉን ሲመታ ብቻ ተሰማ።

እኔ ፍቅሩ አጠገብ ተንበርክኬ ያገኘሁትን ጨርቅ አንሥቼ እጁን ጠመጠምኩበት፤ ሁለቱ ጣቶቹ የት ጋ እንደሚጀምሩ አይታወቅም። ያን ጊዜ ነው የጮኸው። መዶሻው ያላስጮኸው ልጅ። «እማዬ፣ ይለበልባል!» ሳየው ከምሰሶው የተገፈፈው የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ስድስት ሳምንት ጨዉን ሲጠጣ የከረመው። ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ያሸሁ ሴት የገዛ ልጄን ቁስል በገዛ ጨዌ አሰርኩት። ገፍፌ ወረወርኩትና ነጠላዬን ቀድጄ ጠመጠምኩለት።

«ምን አስለፈለፈሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ። «በዚህ ዕድሜሽ ሰው ፊት።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጀሪካኑን አብሬሽ የተሸከምኩ እኮ ነኝ። አርማታው ወድቆ ፌሮው ዝጎ ያየሁ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

ጥር ላይ ያ አስተያየቱ ትዝ አለኝ፤ ደም አገጩ ላይ እየወረደ ዓይን ዓይኔን ያየኝ። ትናገር ይሆን እያለ ነበር የሚጠብቀኝ። እኔ ደግሞ ደገምኩት።

ጤና ጣቢያ ስንገባ ሐኪሟ ምን መታህ አለችው፤ «መዶሻ ወደቀብኝ» አላት። ጠዋት አጥንቱን እሰብራለሁ ያለው ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ክራቫቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያለቅሳል። ወደ ሆስፒታል ላኩን፤ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ጣቱን ቆርጠው፣ የቀረውን በጀሶ ጠቅልለው ሰጡን። ስንመለስ አይሱዙው አሁንም በር ላይ ነው፤ ቆዳው በፀሐይ መሽተት ጀምሯል። ከሊል ዕቃውን እየሰበሰበ ጠበቀኝ፤ ከንፈሩ አብጧል። ከፌሮው ዙሪያ ያለው ጨው በደንብ ወጥቷል፣ የታቹ ይቆማል፣ የላዩ ምሰሶም እንደዚሁ ስድስት ሳምንት መታሰር አለበት አለኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ይሄን ቃል ለልጅ እግር ተናግሬ አላውቅም። «ኧረ እማማ» አለና ፊቱን አዞረ፤ ይቅር እንዳላለኝ ገባኝ።

ዘካሪያስ መጋዘኑ ውስጥ ባልዲ ይዞ የወንድሙን ደም ከምሰሶው ላይ ያጥባል። ጃኬቱን አውልቋል፣ እጅጌው ቀይ ሆኗል። እኔን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እማዬ፣ ጠዋት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አፌን ይዤ» አልኩት።

ወደ ላይ ወጣሁ። ፍራሼን ጠቀለልኩ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢዬን፣ የጸሎት መጽሐፉን፤ ማንበብ ባልችልም እሳለመዋለሁ። የገብረጻድቅን ፎቶ እዚያው ተውኩት፤ ቀዳዳውን ይጠብቅ። ጋሽ ታጁ ደረጃው ሥር ቆመው «እትዬ አስካለ፣ ያ ፍርድ እኮ ለእርስዎ አልተፈረደም» አሉኝ። «ጨው ያስገባ ይውጣ ነው የተባለው። የፈረድኩት እኔ ነኝ፣ ቃሉን ማን ይብላልኝ?» አልኳቸው። ሰኪና ከላይ ሆና አየችኝ። ጠርታ አልመለሰችኝም፤ የሐናን እናት ናት፣ እኔም አልፈረድኩባትም። ዘካሪያስ ፍራሹን ሊቀበለኝ ሲመጣ በክርኔ መለስኩት። «አንተ ቆዳውን አውርደህ ጨው አሽበት፤ የወንድምህ ንብረት ነው፣ ይበሰብሳል። አንዱንም ቆዳ ሳታሽ እንዳታድር። እንዴት እንደሚታሽ ካላወቅክ ሱቁ ጀርባ ና፣ አሳይሃለሁ።»

ፍቅሩ የተከራያት ክፍል ከጋሽ ታጁ ሱቅ ጀርባ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ዱካ፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን። ጀሶውን ደረቱ ላይ አስደግፎ በጀርባው ተኝቷል፤ የማደንዘዣው ኃይል እየለቀቀው ግንባሩ በላብ ተነክሯል። ፍራሼን ስዘረጋ አየኝ። ከሱቁ የጋሽ ታጁ ሬዲዮ ይሰማል። ብዙ ቆይቶ «ውሃ ጠማኝ» አለ።

ጀሪካኑን ዘንበል አድርጌ በጣሳ ቀዳሁ። ከአልጋው አጠገብ ደርሼ ግን ቆምኩ። ጣሳውን ወደ አፌ አነሣሁና መጀመሪያ ቀመስኩት።